በእጀታው ውስጥ የተሰወረው ምስክር
ስለ ጥንታዊ የጃፓን ጎራዴዎች አመረማመር ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ከዕለት ሥራችን የራቀ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። እኔ የጦር መሣሪያ ሰብሳቢም ነጋዴም አይደለሁም፤ ወደዚህ ጉዳይ የሳበኝ ብረት ነው። አንድ ብረት መቼ፣ የትና በማን እጅ እንደ ተሠራ በዐይን መርምሮ የመለየት ጥበብ በጃፓን ለብዙ መቶ ዓመታት ሥርዐት ይዞ ኖሯል። ከዚህ ጥበብ ደግሞ ለእኛ ለመሐንዲሶች የሚሆን ትምህርት አለ። ይኸውም የዕቃው ዋና ማስረጃ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሚያብረቀርቀው ወገን ሳይሆን በዛገው ወገን መሆኑ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። የጃፓን መሣሪያ ባንድ ወገን ብቻ የተሳለ፣ ደንደስ ያለውና ጎበጥ ያለ ስለ ሆነ ጎራዴ እያልሁ እጠራዋለሁ። ከእጀታው ውስጥ ተሰክቶ የሚኖረውን የብረቱን ክፍል፣ ጃፓኖች ናካጎ የሚሉትን፣ ሥር እለዋለሁ።

መርማሪው ጎራዴውን ከሰገባው ሲመዝዝ በመጀመሪያ የሚመለከተው ቅርጹንና ርዝመቱን ነው። ርዝመት የሚለካው ሻኩ በሚባል መለኪያ ሲሆን አንዱ ሻኩ 30.3 ሳንቲ ሜትር ነው። ከሁለት ሻኩ በላይ የሆነው ካታና ወይም ታቺ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሻኩ ያለው ዋኪዛሺ፣ ከአንድ ሻኩ በታች ያለው ታንቶ ይባላል። ታቺ ስለቱ ወደ ታች ሆኖ የሚንጠለጠል የፈረሰኛ መሣሪያ ሲሆን፣ ካታና ግን ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ ከመታጠቂያ ውስጥ የሚሻጥ ነው። በዘመን ረገድ እስከ 1596 ገደማ የተሠሩት ኮቶ፣ ከዚያ እስከ 18ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ድረስ ያሉት ሺንቶ፣ ቀጥሎም መንግሥት ጎራዴ ታጥቆ መሄድን እስከ ከለከለበት እስከ 1876 ድረስ ያሉት ሺንሺንቶ ተብለው ይከፈላሉ።

ሁለተኛው የምርመራ ደረጃ ብረቱን ማየት ነው። ጥሬ ዕቃው ታታራ በሚባል የሸክላ ምድጃ ውስጥ ብረት አዘል አሸዋና ከሰል በሦስት ቀንና ሌሊት አካባቢ ተቃጥለው የሚገኝ አረብ ብረት ነው። አንጥረኛው ይህን ደጋግሞ እያጠፈ ስለሚቀጠቅጠው በብረቱ ገጽ ላይ እንደ እንጨት ጅማት ያለ መሥመር ይታያል። ከዚያ በኋላ የሸክላ ጭቃ በደንደሱ በኩል ወፈር፣ በስለቱ በኩል ሳሳ ተደርጎ ይቀባና ብረቱ ግሎ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ስለቱ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ማርቴንሳይት ወደምንለው ጠንካራ ቅርጽ ሲለወጥ፣ ደንደሱ ግን ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ለስላሳና የማይሰበር ሆኖ ይቀራል። ማርቴንሳይት ሲፈጠር መጠኑ ስለሚጨምር ጎራዴው በዚያው ቅጽበት ወደ ደንደሱ ይበልጥ ይጎብጣል። በሁለቱ መካከል የሚታየው ነጣ ያለ የድንበር መሥመር ሀሞን ይባላል፤ ቀጥ ያለ፣ የሚዋዥቅ ወይም እንደ አበባ የተንዠረገገ ሊሆን ይችላል። ያማሺሮ፣ ያማቶ፣ ቢዜን፣ ሶሹና ሚኖ የተባሉት አምስቱ የታወቁ የአሠራር ወጎች አንዱ ከሌላው የሚለዩት በዋናነት በዚህ መሥመርና በብረቱ ጅማት ነው።

ይሁን እንጂ ቅርጽ ሊመሰል፣ ሀሞንም በአሲድ ሊሣል ይችላል፤ ገጹ ደግሞ በየዘመኑ በድንጋይ ስለሚሞረድ እየሳሳ ይሄዳል። ከአንጥረኛው እጅ ከወጣ ጀምሮ ሳይነካ እንዲኖር ሆን ተብሎ የሚተወው ክፍል ሥሩ ብቻ ነው። ስለዚህ መርማሪው እጀታውን ያወልቃል። እጀታው ሁለት የእንጨት ፍላጭ ተጋጥሞ፣ ሻካራ የባሕር ዓሣ ቆዳ ለብሶ፣ በሐር ጥልፍ የተጠቀለለ ነው፤ ከሥሩ ጋር የሚያያዘው ደግሞ አንዲት የቀርከሃ ችንካር ናት። ችንካሯ በትንሽ መዶሻ ተገፍታ ከወጣች በኋላ፣ ጎራዴው ጫፉ ወደ ላይ እንደ ሆነ እጀታው በግራ እጅ ይያዛል፤ የግራው አንጓ በቀኝ ጡጫ በቀስታ ሲመታ ሥሩ ላላ ብሎ ይወጣል።

እንግዲህ በሥሩ ላይ ምን ይነበባል? አንደኛው ዝገቱ ነው። የብዙ መቶ ዓመት ዝገት ጥቁር፣ ጥልቅና ለስላሳ ሲሆን፣ የቅርብ ጊዜ ዝገት ግን ቀይና የሚራገፍ ነው። ሁለተኛው የሞረድ ዱካ ነው፤ አግድም፣ ሰያፍ ወይም እንደ ጭልፊት ላባ የተገናኘ ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ የአንጥረኛ ወገንም የራሱ ልማድ ነበረው። ሦስተኛው የሥሩ ቅርጽ ነው፤ ለምሳሌ የሙራማሳ ሥራዎች እንደ ዓሣ ሆድ በሚነፋ ሥራቸው ይታወቃሉ። አራተኛው የችንካር ቀዳዳው ቁጥር ነው፤ ከአንድ በላይ ከሆነ ጎራዴው ምናልባት ካንድ ጊዜ በላይ እጀታ ተለውጦለታል ወይም አጥሯል።

አምስተኛው ፊርማው ነው፤ ሐሰት የበዛበትም ይኸው ነው። ዝነኛ ስም ዋጋ ስለሚያስጨምር በሌላ ሰው ሥራ ላይ የታላላቆች ስም ተቀርጿል። መርማሪው የመሮውን አቅጣጫና የፊደሉን አጣጣል ከታወቁ እውነተኛ ፊርማዎች ጋር ያስተያያል። ከሁሉም በላይ ግን በፊደሉ ቦይ ውስጥ ያለውን ዝገት ያያል። ፊደሉ የቆየውን ዝገት ሰብሮ የገባ ከሆነ፣ ስሙ ከብረቱ በኋላ መጥቷል ማለት ነው።

ሁለት ምሳሌዎች ልጥቀስ። በቶክዮ ብሔራዊ ሙዚየም የሚገኘው ዶጂጊሪ የተባለው ታቺ፣ የሆኪው አንጥረኛ ያሱትሱና በሁለት ፊደላት የቀረጸው ስም እስከ ዛሬ በሥሩ ላይ ይነበባል። በፉኩኦካ ከተማ ሙዚየም የሚገኘው ሄሺኪሪ ሃሴቤ ግን ከሥሩ በኩል ተቆርጦ ያጠረ ስለ ሆነ የመጀመሪያው ፊርማ የለውም። የሃሴቤ ኩኒሺጌ ሥራ ነው ብሎ በሥሩ ላይ በወርቅ ያስጻፈው የጎራዴ ምርመራ ሙያ የሆነው የሆናሚ ቤተሰብ ነው። ሁለቱም የአገሪቱ ብሔራዊ ቅርሶች ናቸው። ፊርማ መጥፋቱ ብቻውን ጎራዴውን ዋጋ ቢስ አያደርገውም፤ የቀረው ማስረጃ ከተጠበቀ ሌላው ይመሰክራል።

የእጀታውም ዕቃዎች ለብቻቸው ይመረመራሉ። ትሱባ የተባለው የእጅ መከላከያ፣ በእጀታው ጥልፍ ሥር የሚቀመጡት መኑኪ የተባሉት ጌጦች፣ የእጀታው ግንባርና ቆብ ከብረቱ ዘመን ጋር አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ብረቱ የ14ኛው፣ ጌጡ የ18ኛው መቶ ዓመት የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሻኩዶ ከተባለ፣ መዳብ ጥቂት ወርቅ ተጨምሮበት ከሚሠራ ቅይጥ ናቸው። የሻኩዶ ውበት በኬሚካል የሚፈጠረው ሰማያዊ ያዘለ ጥቁር ቆዳው ነው። ጥቁረቱን እድፍ መስሎት የወለወለ ሰው የሚያገኘው ተራ መዳብ ነው።

ክቡራን ሆይ፤ ይህን ሁሉ የምናገረው ለጨዋታ አይደለም። በ1945 ጃፓንን የያዘው ጦር ጎራዴዎች እንዲሰበሰቡ ባዘዘ ጊዜ፣ በፋብሪካ ከተሠሩት የወታደር ጎራዴዎች ጋር የጥንቶቹም ተቀላቅለው ብዙዎቹ በወታደሮች ሻንጣ ወደ አሜሪካ ሄዱ። የቶኩጋዋ ቤት ንብረት የነበረውና ሆንጆ ማሳሙኔ የተባለው ዝነኛ ጎራዴ በዲሴምበር 1945 ለቶክዮ ሜጂሮ ፖሊስ ጣቢያ ተሰጠ፤ በጃንዋሪ 1946 ከዚያ ከተወሰደ ወዲህ ያለበት አልታወቀም። ይህ ጎራዴ ፊርማ የለውም። ምናልባት አንድ ቀን ከአንድ ቤት ጓዳ ቢገኝ የሚታወቀው በርዝመቱ፣ በሀሞኑ፣ በሥሩ ቅርጽና በቀዳዳዎቹ ነው። ያገኘው ሰው ሥሩን በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ ቢያሳምረው፣ የሰባት መቶ ዓመት መዝገብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይቃጠላል። መልሶ የሚያዝገው ብልኀት አልተገኘም።

ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው። ገጹ በጣት አይነካም፤ የላብ ጨው ያዝገዋልና። አሮጌው ዘይት በንጹሕ ለስላሳ ወረቀት ይጠረግና ቅርንፉድ የሚሸት ቀጭን ዘይት ይቀባል። ሥሩ ግን አይሞረድም፣ አይወለወልም፣ አይታጠብም። ከሁሉ አስቀድሞ ይለካል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ይመዘገባል።

ይህ ደንብ ለጎራዴ ብቻ አይደለም። የተሰበረ ዘንግ ወይም የፈነዳ ቱቦ ወደ እኛ ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ትጉህ ሠራተኛ ስብራቱን በናፍጣ አጥቦ፣ በብሩሽ ፈግፍጎ፣ አሳምሮ ያቀርበዋል። ስብራቱ በድካም ይሁን በድንገተኛ ጭነት፣ ስንጥቁ አሮጌ ይሁን አዲስ የሚነግረን ያ የታጠበው ገጽና በላዩ የነበረው ዝገት ነበር። ሠራተኛው ጥፋተኛ አይደለም፤ ንጽሕናን ያስተማርነው እኛ ነን፤ ማስረጃን መጠበቅ ግን አላስተማርነውም። በየወርክሾፓችን በር ላይ “ሳትመረምር አትጥረግ” የሚል ማስጠንቀቂያ ቢለጠፍ ለማኅበራችን ትንሽ ሥራ፣ ለሙያችን ግን ትልቅ ጥቅም ይሆናል ብዬ አምናለሁ።