ከጥድ ሥር የሚበቅለው



«ከጥድ ሥር ምንም አይበቅልም» ሲባል ይሰማል። ይህ የሚሠራው ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ ነው።

እርሻ በነበረ መሬት ላይ ፓቱላ ሲተከል፣ መጀመሪያ ቦታውን የሚይዘው ገበሬው ከማሳው የሚያውቀው አረምና ሣር ነው። ቅርንጫፎቹ ሲገጥሙ ብርሃን ይጠፋል፤ የረገፈው ቅጠል መሬቱን ያለብሰዋል፤ ሣሩም ይከስማል። ከብት አርቢ በዚህ ጊዜ ቢያማርር አይፈረድበትም።

ተከላው ሲያረጅና ሲሳሳ ግን ብርሃን ተመልሶ ይገባል። ለረጅም ዘመን የታረሰ አፈር የደን ዛፍ ዘር እምብዛም ስለማይኖረው፣ ዘሩን የሚያመጡት ወፎች፣ ጦጣዎችና ነፋስ ናቸው። የተፈጥሮ ደን በአቅራቢያው ያለው ተከላ ዕድለኛ ነው። በሙኔሳ ሻሸመኔ ደን ተካሂዶ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ፓቱላን ጨምሮ በውጭ አገር ዛፎች ሥር የበቀሉ አገር በቀል ዛፎችንና ቁጥቋጦዎችን መዝግቧል።

ችግሩ ቆረጣው ላይ ነው። ጥዱ ለሽያጭ ሲደርስ፣ ከሥሩ የበቀለው የዝግባ ችግኝ ግንድ ሲጎተት ይደቅቃል፤ አንዳንዴም «ጫካው ይጽዳ» ተብሎ በገጀራ ይመነጠራል። ዝግባን በችግኝ ጣቢያ ለማፍላት ያለውን ድካም ለሚያውቅ ይህ ያሳዝናል። ማኅበራት የሽያጭ ውል ሲፈራረሙ ዛፉ በየት በኩል እንደሚወድቅ፣ ግንዱም በየት እንደሚጎተት በውሉ ያስገቡ፤ ከቆረጣው በኋላም ቦታው ከከብት ይከለል።