የበሩ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

(በሐረር ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ትናንት ማታ ደብተር ገልጣችሁ ከተቀመጣችሁ በኋላ ስልካችሁን ስንት ጊዜ አያችሁት? እጅ አውጡ አልልም፤ መልሱን ለራሳችሁ ያዙት።

ሁላችንም የምናውቀው የጀጎል ግንብ የተሠራው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአሚር ኑር ዘመን ነው። ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። በ1847 ዓ.ም. ሐረር የገባው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሪቻርድ በርተን፣ ሲመሽ በሮቹ ተዘግተው ቁልፋቸው ለአሚሩ ይሰጥ እንደነበር ጽፏል። ልብ በሉ! ሐረር የንግድ ከተማ ነበረች፤ ቀን ቀን ነጋዴው ይገባል፣ ይወጣል። በሯን ዘግታ አልኖረችም። መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ ግን የምትወስነው ራሷ ነበረች።

የእኛስ? አንድ የሒሳብ ጥያቄ ይዘን ሳለ ስልኩ ጭር ሲል ቴሌግራም እንከፍታለን። «አንዲት ደቂቃ ናት» እንላለን። ከዚያ ቲክቶክ ይከተላል። ስንመለስ ጥያቄውን ከመጀመሪያው ማንበብ ግድ ይሆናል። ሁለት ከባድ ሥራ በአንዴ የምንሠራ ይመስለናል እንጂ አእምሯችን ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ነው። በዘለለ ቁጥር ይደክማል፣ ይሳሳታል።

ታዲያ ሐሳብ ሲበተን በከተማችን የሚታዘዘው መድኃኒት ምን መሰላችሁ? ጫት! «ስትቅም ጥናቱ ይገባሃል» ይባላል። ታላላቆቻችንን ለመውቀስ አይደለም የምናገረው፤ እኔም አምኜ ነበር። ለማትሪክ ስዘጋጅ ከጓደኞቼ ጋር በርጫ እንቀመጥ ነበር። ምርቃናው ሲመጣ የማይገባኝ ነገር ያለ አይመስለኝም። አንድ ሌሊት ታሪክ ሳነብ አደርኩ፤ ዋና ዋናውን አሰምርበታለሁ ብዬ እስክሪብቶ ይዤ ነበር። ጠዋት ብገልጠው ገጹ ሁሉ ተሰምሮበታል! አንዱንም ግን በቃሌ መናገር አልቻልኩም። የዚያ ዓመት ውጤት ስላልመጣልኝ እንደገና ተፈተንኩ።

ምክንያቱ ኋላ ነው የገባኝ። እርጥብ ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ፤ እንቅልፍ ያባርራል። አእምሮ ግን ቀን የተማረውን አጽንቶ የሚይዘው ስንተኛ ነው። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይመጣል። ከመጠጥ በኋላ «አይሆንም» የሚል ማን ነው? ኮንዶም ትዝ የሚለውስ? ኤች አይ ቪ የሚገባው እንዲህ ሳናስተውል በተውነው በር ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሐረሪ ቤት ስንገባ ጫማችንን በር ላይ እናወልቃለን፤ ነደባ ላይ በጫማ የሚወጣ የለም። ለጥናት ስትቀመጡ ስልካችሁንም አጥፍታችሁ ከጫማው ጋር ተዉት። ለ25 ደቂቃ አንድ ትምህርት ብቻ ያዙ። ከዚያ 5 ደቂቃ ዕረፍት፤ ግን ስልክ ለማየት ሳይሆን ወጣ ብሎ አየር ለመቀበል። በመሐል ሌላ ሐሳብ ከመጣ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ሁለት ሦስቴ በረጅሙ ተንፍሱ፣ ወደ ጥናቱ ተመለሱ። ሐሳብ መሄዱ ጥፋት አይደለም፤ መሄዱን አውቆ መመለስ ነው ቁም ነገሩ።

«ቤታችን አንድ ክፍል ነው፣ ቴሌቪዥኑም እዚያው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ ነው ያደግኩት። የትምህርት ቤታችሁን ቤተ መጻሕፍት ተጠቀሙ። ካልሆነም በጊዜ ተኝታችሁ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሱ፤ ቤቱም ሰፈሩም ያን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ጓደኛ እንዳይቀየም ደግሞ «ከ1 እስከ 3 ሰዓት አጠናለሁ፣ ከዚያ እንገናኝ» በሉት። እውነተኛ ጓደኛ ይጠብቃል።

ዛሬ ማታ ለአንድ ሰዓት ብቻ ሞክሩት። ነገ ጠዋት ደብተራችሁን ከድናችሁ ያነበባችሁትን ለጓደኛችሁ ንገሩት። የቀራችሁን ያህል እናንተው መዝኑት፤ ቁልፉ በእጃችሁ ነው።