አዲስ ዕቃ፣ የላላ ፍሬን

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ፣ ቦርንሃይም፣ በመኪና ጥገና ሙያ ላይ በተሰማሩ አንድ አባል የቀረበ ንግግር)




አዘጋጆቹ «ከሙያህ የሚጠቅመንን አንድ ነገር ንገረን» ሲሉኝ ብዙ አላሰብኩም። ከመካከላችን ወደ አገር ቤት ሲሄድ ሻንጣው ውስጥ የመኪና ዕቃ ያልከተተ ጥቂት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ደግሞ፣ ያለውን አሮጌ መኪና ጠግኖ ማቆየት የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ የምናገረው ስለ ፍሬን ነው። የምጀምረውም ከራሴ ጥፋት ነው።

ታላቅ ወንድሜ ደብረ ብርሃን ይኖራል። በ1980ዎቹ የተሠራች ቶዮታ ላንድክሩዘር አለችው። እህል ትጭናለች፣ ሰርገኛ ታመላልሳለች፣ በሽተኛ ሐኪም ቤት ታደርሳለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ውለታ የዋልኩለት መስሎኝ፣ ለፊት እግሮቿ ፒስተናቸው ከቀድሞው የሰፋ ካሊፐሮች፣ ወፍራም ዲስኮችና አዲስ የፍሬን ሸራ ይዤለት ሄድኩ። ዕቃውን ሰጥቼው ተመለስኩ። እሱም በበኩሉ ተለቅ ያለ ጎማ አስገባ፤ ባሌስትራዋንም ከፍ አስደረገ።

ወር ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። አምስት ሰው ጭኖ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ፔዳሉ እግሩ ሥር ሰመጠ። የእጅ ፍሬኑን ቢስብ አልያዘለትም። ማርሽ ቀንሶ፣ በተራራው በኩል ካለው ቦይ አስገብቶ አቆማት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተጎዳ ሰው አልነበረም። «አንተ ልጅ፣ አሮጌው ፍሬን ይሻለኝ ነበር እኮ!» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ዕረፍቴ ሄጄ መኪናዋን ፈታታኋት። ያገኘሁትን በተራ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ የቀኙ ካሊፐር በግራ፣ የግራው በቀኝ ተገጥሟል። ሲታዩ መንትያ ናቸው። ነገር ግን በዚህ አገጣጠም የአየር ማስወጫዋ ብሎን ወደ ታች ትዞራለች። አየር ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚሸሸው። ቀኑን ሙሉ ቢያስወጡት አየሩ ካሊፐሩ ውስጥ ይቀራል። ዘይት ሲጫኑት አይጨመቅም፣ አየር ግን ይጨመቃል። እግራችን የሚገፋው አየሩን እንጂ ሸራውን አይደለም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ፖምፓው የድሮው ነው። ፖምፓ በአንድ ርግጫ የሚገፋው ዘይት በልክ ነው። የካሊፐሩ ፒስተን ሲሰፋ ብዙ ዘይት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ በጥልቀት ይወርዳል። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ካሊፐሩን ሳመጣ ስለ ፖምፓው አላሰብኩም። ታዲያ «ትልቁን ፖምፓ አስገባ» ብሎ መዝለልም አያዋጣም። ለምሳሌ ከ20 ሚሊ ሜትር ወደ 25 ሚሊ ሜትር ብትወጡ፣ ፔዳሉ አጭርና ጠንካራ ይሆናል፤ በዚያው እግር ጉልበት የሚገኘው ግፊት ግን ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ፖምፓና ካሊፐር በልክ መጋባት አለባቸው።

ሦስተኛ፣ የኋላው ታምቡር ተረስቷል። ሁሉም ሰው በፊቱ አዲስ ዕቃ ተደስቶ የኋላውን ሸራ ያስጠጋ አልነበረም። ሸራው ከታምቡሩ ሲርቅ ፔዳሉ የመጀመሪያውን ርግጫ በከንቱ ይጨርሳል። የእጅ ፍሬኑም ያልያዘው ለዚሁ ነው።

አራተኛ፣ ጎማውና ባሌስትራው። ቁመቱ ከ76 ወደ 84 ሳንቲ ሜትር ያደገ ጎማ፣ ለዚያው ማቆም ከ10 በመቶ በላይ ተጨማሪ የፍሬን ጉልበት ይፈልጋል። አንዳንድ መኪና ደግሞ የጭነቱን ክብደት እያየ ለኋላ እግር ግፊት የሚመጥን መሣሪያ አለው። መኪናው ከፍ ሲል ይህ መሣሪያ «ባዶ ነው» ብሎ ይሳሳትና የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ከፍ ያደረገ ሰው እሱንም ማስተካከል አለበት።

አምስተኛው ከፍራንክፈርት ሆነን የማናስበው ነው። እግራችንን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በአካባቢው አየር ግፊት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር ላይ ያ ግፊት ከፍራንክፈርቱ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። እዚህ በርገር ሽትራሰ ላይ «ደህና ነው» ያልነው ፍሬን እዚያ ላይ ይደክማል፤ ቁልቁለቱ ያለው ግን እዚያ ነው።

እንግዲህ ፍሬን ሲላላ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ፔዳሉን ጠይቁት፦

እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ፣ አየር አለ።

በመጀመሪያው ርግጫ ወርዶ በሁለተኛው ከፍ ካለ፣ የኋላው ሸራ ርቋል ወይም አየር አለ።

ረግጣችሁ ስትይዙት ቀስ እያለ ከሰመጠ፣ ዘይት ይፈስሳል፤ በውጭ ካልታየ የፖምፓው ጎሚኒ አልቋል። ይህን መኪና አትንዱ።

እንደ ድንጋይ ጠንክሮ መኪናው ካልቆመ፣ ሰርቮውን መርምሩ። ሞተር አጥፍታችሁ ደጋግማችሁ ርገጡ፤ ከዚያ እንደረገጣችሁ ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ትንሽ ወረድ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ሰርቮው ደህና ከሆነ፣ ሸራው ዘይት ነክቶት ወይም ከዲስኩ ጋር ገና ሳይላመድ ይሆናል፤ ፖምፓውም ከልክ በላይ ትልቅ ሊሆን ይችላል።

የፍሬን ዘይትንም አትናቁ። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባበት ግን መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። በረጅም ቁልቁለት ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም እንደ አየር ነው። ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አትጠቀሙ። ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ለማቆሚያ እንጂ ተሸክሞ ለማውረጃ አይደለም።

እዚህ ጀርመን የፍሬን ዕቃ ዓይነት የለወጠ ሰው መርማሪ ዘንድ ቀርቦ እስኪያጸድቅ መንዳት በአብዛኛው አይፈቀድለትም። ብዙዎቻችን በዚህ እናማርራለን። እኔም አማርር ነበር። ከዚያች ስልክ ወዲህ ግን አላማርርም፤ መርማሪው የሚጠይቀው እኔ ወንድሜን ሳልጠይቀው የቀረሁትን ነው።

ላንድክሩዘሯ ዛሬም ትሠራለች። ልኩ የሆነ ፖምፓ አገኘንላት፣ ካሊፐሮቹን ወደ ቦታቸው መለስን፣ የኋላውን አስጠጋን፣ ጎማዋንም ወደ ድሮው ልክ መለስን። ወንድሜ ግን ጣርማ በር ሲደርስ እስካሁን ቆም ብሎ ፔዳሉን ሦስት ጊዜ ሳይረግጥ አይወርድም።

ውድ አባላት፣ ለወገናችሁ የፍሬን ዕቃ ስትገዙ አስቀድማችሁ የመኪናውን ዓይነት፣ የፖምፓውን ልክና የጎማውን ቁጥር ጠይቁ፤ የሚገጥመው ማን እንደሆነም እወቁ። ካልገባችሁ ከመግዛታችሁ በፊት በማኅበራችን ያለነውን ባለሙያዎች ጠይቁን። ክፍያ የለውም።