ድሮን የሚያቀልጠው ጨረር
የአሜሪካ ጦር ስትራይከር በተባለው ባለስምንት ጎማ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ላይ 50 ኪሎዋት የሌዘር መሣሪያ ገጥሟል። ጥይት አይጎርስም። ለዓይን የማይታየው ጨረር የድሮኑ ክንፍ ላይ አንዲት ነጥብ ይይዝና ለሰከንዶች ሳይላቀቅ ይቆያል፤ ክንፉ ይጨሳል፣ ይቀልጣል፣ ድሮኑም ይወድቃል። በልጅነታችን በማጉያ መነጽር ፀሐይ ሰብስበን ወረቀት ያቃጠልነውን አስታውሱ፤ ነገሩ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ፈተናው አየሩ ነው። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ሲወሰድ አቧራው ጠበቀው፤ አቧራ ደግሞ ጨረር ይበትናል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሰው ዓይን ነው። ዒላማውን የሳተ ጨረር ሊያሳውር ይችላል። እ.ኤ.አ. የ1995ቱ ዓለም አቀፍ ፕሮቶኮል የሚከለክለው ለማሳወር ተብሎ የተሠራውን ሌዘር ነው፤ ድሮን ለማቃጠል የተሠራው ሳይታሰብ የሚያደርሰውን ጉዳት አይሸፍንም።