ሆድ ሳይከፈት ስለሚደረግ የማኅፀን ሕክምና
(በቅሬአችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ወንድ በጉባዔ ሲናገረው ያልተለመደ ነው። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሆኖም የመቀጮውን መዝገብ የምጽፈው እኔ ስለሆንሁ ዝም ማለት አልቻልሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት አባላችን ከለቅሶ ስትቀር፣ ውሃም ሳትቀዳ ስትቀር፣ አራት ጊዜ መቀጮ ጻፍሁባት። ከፈለች እንጂ ምክንያቷን አልተናገረችም። በኋላ ለባለቤቴ እንዳጫወተቻት፣ ስሟን ሳልጠራ እንድናገርም እንደፈቀደችልኝ፣ ማኅፀኗ ወደ ታች ወርዶ ከወጣ ስድስት ዓመት አልፎታል። መቀመጥ ያማታል፤ ውሃ መሸከምማ እንዴት ይሁንላት! ለምን አልታከምሽም ስትባል፣ «ሆዴን ይሰነጥቁኛል ብዬ ፈርቼ» አለች።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሄዳ ታከመች። ሐኪሙ ግን ሆዷን አልነካም፤ ሥራውን የሠራው በታች በኩል በብልቷ ገብቶ ነው። ሆዷ ላይ አንድም ስፌት የለም። ሕመሙ ብዙ ከመውለድ፣ ከረጅም ምጥና ከባድ ሸክም ከመሸከም የሚመጣ እንጂ እርግማን አይደለም። ገና ያልባሰበት ከሆነ ደግሞ ቀለበት የመሰለ ነገር ወደ ውስጥ አስገብተው፣ ያለ ምላጭ ማኅፀኑን ደግፈው የሚያቆዩበት መንገድ አለ።

በታች በኩል ማከም ለአገራችን አዲስ አይደለም። ምጥ ለቀናት ሲቆይ የሕፃኑ ራስ ሥጋውን ተጭኖ ይገድለውና በሽንት ፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ይከፈታል፤ ሽንትም ሳይታወቅ ይፈሳል። ፊስቱላ የሚባለው ይኸው ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው፣ በኋላም የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳው የሚደፈነው ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ መርፌ፣ ሆድ ሳይከፈት ነው። ለበሽተኛዋም በነፃ ነው። የባሕር ዳሩ ቅርንጫፍ የተከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ነው።

ሐምሊኖቹ ካከሟቸው መካከል ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ የሚባሉ አሉ። ራሳቸው የፊስቱላ በሽተኛ ሆነው መጥተው፣ ከታከሙ በኋላ ከእነርሱ ጋር ቀርተው፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ከሐኪሞቹ እጅ እያዩ ቀዶ ሕክምና ተማሩ። በ1989 (በአውሮፓ) የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሸለማቸው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ነኝ ብዬ ማፈሬ ይህን ስሰማ ቀረልኝ።

ሌላው በካሜራ የሚሠራው ነው። ሆድ በጋዝ ይነፋና በጣት ጫፍ በምታህል ቀዳዳ ካሜራ፣ በሌሎች ትንንሽ ቀዳዳዎች መሣሪያ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ ሰውዬዋ ቶሎ ትነሣለች። ባሕር ማዶ ደግሞ ሮቦት አለ፤ ዳ ቪንቺ የሚባለውን አሜሪካ ለማኅፀን ሕክምና የፈቀደችው በ2005 (በአውሮፓ) ነው። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ ብቻውን አይቀድም። ሐኪሙ ራቅ ብሎ ተቀምጦ በእጁና በእግሩ የሚያዛቸው ክንዶች ናቸው።

ትንሽ ቁስል ሁልጊዜ ይሻላል ማለት ግን አይደለም። የማኅፀን ጫፍ ካንሰር በጅምሩ ሳለ በካሜራና በሮቦት የታከሙት፣ ሆዳቸው ተከፍቶ ከታከሙት ይልቅ በሽታው እንደተመለሰባቸውና እንደሞቱ በ2018 (በአውሮፓ) የወጣ ትልቅ ጥናት አሳይቷል። ስለሆነም በየት በኩል ይሠራ የሚለውን ሐኪሟ ይወስን፤ እኛ ፍርሃቱን ብቻ እናንሣላት።

እንግዲህ ባሎች ሆይ፣ «ምን ሆነሻል» ብላችሁ ጠይቁ። ያፈረች ካለች ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለብቻዋ ትንገራት፤ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል የምትልካት እርሷ ናት።

ለቅሬው ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ሁለት ሴቶች «ታማለች» ብለው ከመሰከሩላት፣ የሕመሟ ስም ሳይጠየቅ መቀጮ እንዳይጻፍባት። ሁለተኛ፣ ለመሳፈሪያ የቸገራት ከሣጥናችን እንድትበደር። አራቱን መቀጮ ከኪሴ መልሼላታለሁ፤ መዝገቡም ተሰርዟል። በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታልና ሴቶች እንዳትቀሩ።