ሄልሜቱ ስፖኪዮ ላይ

መስከረም ጠብቶ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲቃረብ የወላይታ ሶዶ ጎዳና በሞተር ይሞላል። ክረምቱን ጭቃ ፈርቶ ቤት የከረመው ሁሉ ይወጣል፤ ብዙው ግን መካኒክ ሳያየው ነው። ቆሞ የከረመ ሞተር የጎማው ነፋስ ይጎድላል፣ ካቴናው ይዝጋል፣ ፍሬኑም እንደ ድሮው አይታዘዝም።

ከቦዲቲና ከአረካ በሚመጣው መስመር ከገጠር መንገድ የወጣ ጭቃ አስፋልቱ ላይ ይረግፋል። ልምድ ያለው ሞተረኛ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ኩርባው ውስጥ ከገባ በኋላ ሳይሆን ገና ሳይደርስ ነው።

ሄልሜቱስ? ስፖኪዮ ላይ ተንጠልጥሎ ትራፊክ ፖሊስ ይጠብቃል! የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል የተደረገ ሄልሜት የሞት አደጋን ከ6 እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ከኋላ የተቀመጠው ደንበኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ራሱን ነው፤ ሲወድቁ ግን አስፋልቱ ሹፌርና ተሳፋሪ አይለይም። ሁለተኛ ሄልሜት የያዘ ሞተረኛ ሲገኝ እሱን መምረጥ የደንበኛው ፋንታ ነው።