ሐውስ ማለት የማን ቤት ነው?



በዓሉ ሲዘጋጅ ሐውስ የሚባለውን የዳንስ ሙዚቃ ስናሰማ አንድ አባት «ሐውስ ቤት ማለት አይደለም እንዴ? የማን ቤት ነው?» ብለው ጠየቁን። መልስ አጥተን አፈርን። ስለዚህ መርምረን ቀርበናል።

ቤቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ የተከፈተ ዌርሐውስ የተባለ የጭፈራ ቤት ነው። ትርጉሙ ዕቃ ቤት ነው፤ «ዕቃ» ተቆርጦ «ቤት» ቀረ። ሸክላ የሚያጫውተው ፍራንኪ ነክልስ ነበር። ወጣቶቹ ወደ ሸክላ መደብር እየሄዱ የዚያን ቤት ሙዚቃ ሲጠይቁ፣ ሻጮቹ ስሙን አሳጥረው በመደርደሪያው ላይ ጻፉት ይባላል። በየቤቱ ስለ ተሠራ ነው የሚሉም አሉ፤ እኛ ግን የፊተኛውን እናምናለን።

በ1979 በዚያው ከተማ፣ በአንድ የስፖርት ሜዳ የዲስኮ ሸክላ ተከምሮ በፈንጂ ሲወድም ብዙ ሕዝብ ተደስቷል። በዌርሐውስ ግን ዲስኮ አልተጣለም፤ ነክልስ እየቆራረጠና እያስረዘመ ያጫውተው ነበር፤ ኋላም የኤሌክትሪክ ከበሮ ጨመረበት። ከጨፋሪዎቹ አብዛኞቹ ሌላ ሥፍራ በር የሚዘጋባቸው ጥቁር ወጣቶች ነበሩ። እንግዲህ ለጠየቁን አባት መልሳችን፦ የእነርሱ ቤት ነው። ሕንፃውንም የከተማው አስተዳደር በ2023 በቅርስነት መዝግቦታል።